መብራት የሰጠው ሰው

ቅዳሜ ዕለት ባለወተቱን ሲደበድቡት የመጀመሪያውን ቡጢ ያሳረፈው ጡሩምባ የሚሉት የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ይህ ቀድሞ ይነገር፤ በኋላ የደረሰበትን የሰማ ሰው ሁሉ ለእሱ ከማዘኑ ብዛት ይህችን ሊረሳት ይችላልና። ቡጢው አፍ ላይ አረፈ። ባለወተቱ ቀጭን ሰው ነው፤ ከወተት ቦቴው ደረጃ ላይ በጀርባው ወደቀ። የመናኸሪያው ጎሚስታ ደረቱ ላይ ተቀመጠበት፣ ሁለት የታክሲ ሹፌሮች እግሩን ያዙለት። ሲለቁት ሁለት የፊት ጥርሶቹ መናኸሪያው አስፋልት ላይ፣ በዘይትና በሙዝ ልጣጭ መካከል ወድቀው ነበር።

ጥፋቱ መብራት አለመስጠቱ ነው። በዚያ መንገድ የሚሠራ ሹፌር ሁሉ አንድ ሕግ አለው። ትራፊክ ራዳሩን ይዞ ቆሞ ካየህ፣ እሱን አልፈህ ከፊትህ ለሚመጣው መኪና ሁሉ ረጅሙን መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ ታደርግለታለህ። የሚመጣው ሰው ነዳጁን ይለቃል፣ ትራፊኩም ባዶ እጁን ይውላል። ማን ነህ፣ ምን ጭነሃል፣ ወዴት ትከንፋለህ የሚል ጥያቄ የለም። መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው የሚነዳ ሞልቷል፤ ይህን ሕግ ሳያውቅ የሚነዳ ግን አንድም አልነበረም፣ ባለወተቱ እስኪመጣ ድረስ።

ባለወተቱም ቢሆን አላወቀም ማለት አይቻልም፤ አውቆ እምቢ ያለ ነው። አንድ ጊዜ ተመከረ። ሁለተኛ ጎማው ተበሳ። ሦስተኛው የቅዳሜው ነው። ከመሬት ተነስቶ ደሙን እየተፋ ለምን እንደማይሰጥ ሲጠይቁት በተሰበረው አፉ መለሰላቸው።

«ወንድሜን የገጨው መኪና ራዳሩን ያለፈው በሠላሳ ነው። አንዳችሁ መብራት ሰጥታችሁት። ሁለት ኪሎ ሜትር እልፍ ሲል መቶ አርባ ገባ። እኔ ለማንም አልሰጥም።»

አንዱ ከኋላ በእርግጫ ብሎ መልሶ ጣለው። ጡሩምባ ጎንበስ ብሎ ጆሮው ላይ «ትሰጣለህ» አለው፤ ጆሮው ላይ ነው ያለው እንጂ የመናኸሪያው ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ቅጽል ስሙ የወጣለት በአውቶቡሱ ጡሩምባ ይሁን በራሱ ጉሮሮ እስከ ዛሬ አልተለየም። ሲያወራ የሚጮህ፣ ሲስቅ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ፣ ሲቆጣ ደግሞ እጁ ከአፉ የሚቀድም ሰው ነው። የመንገዱን ሕግ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ይመስል ይጠብቀው ነበር።

የሚያስቀው ነገር፣ በዚያ መንገድ ራዳሩን ይዞ የሚቆመው ትራፊክ የገዛ እህቱ ባል መሆኑ ነው።

እህቱን ያሳደጋት ጡሩምባ ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አስተማራት፣ ዳራት፣ ሲድራትም «ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ትራፊክ ትመርጪብኝ?» ብሎ ሠርገኛውን ሁሉ አሳቀ። አሁን በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ በር እየገቡ ይኖራሉ። ሁለቱ የእህቱ ሴት ልጆች እሁድ እሁድ አውቶቡሱ ላይ ወጥተው መሪውን እየያዙ ይጫወታሉ። አጎታቸው የሠራው ስህተት በዓይናቸው አይታይም፤ እሱም እነሱ ካለቀሱ ሥራውን ጥሎ ያባብላል።

ክርክሩ የሚነሳው ምሳ ላይ ነው። ጡሩምባ አፉን ሞልቶ ለትራፊኩ ያስረዳዋል፤ የምትፈልገው ሰው ፍጥነቱን እንዲቀንስ አይደል፣ እኔ በነጻ አስቀንስልሃለሁ፣ እንዲያውም ደሞዝህን ልትካፈለኝ ይገባል ይለዋል። ትራፊኩ ዝምተኛ ነው፤ ውኃውን ይጠጣል፣ ጢሙን ይጠርጋል፣ ከዚያ ነው የሚናገረው። «ጋሼ፣ አንተ የምታስቀንሳቸው ለእኔ ብቻ ነው» አለው በዚያ እሁድ። «እኔ በሌለሁበት ሰው መንገድ አይሻገርም?» ጡሩምባ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

እህቱ ግን አልሳቀችም። የባለወተቱን ጥርስ ነገር ገበያ ላይ ሰምታለች። ሳህኑን ከፊቱ አንስታ ያዘችና እንዲምል ጠየቀችው፤ ሌላውን ቦታ እንደፈለገ ይሁን፣ ባሏ በቆመበት ግን መብራት እንዳይሰጥ። «በልጆቹ ማልልኝ» አለችው። ጡሩምባ ምሳው እንዲመለስለት ሲል በልጆቹ ማለ። ሰኞ ጠዋት ትራፊኩን ከድልድዩ አጠገብ፣ ከማስታወቂያው ሰሌዳ ጀርባ ቆሞ ሲያየው፣ እንደ ልማዱ አልፎት ሄዶ ለመጀመሪያው መኪና መብራት ሰጠ። መሐላው ትዝ ያለው ከሰጠ በኋላ ነው። እጁ ሃያ ሁለት ዓመት የለመደውን ከአንድ እሁድ ምሳ ጋር ሊያመዛዝን አልቻለም።

ጡሩምባ ትራፊኩ እንዳወቀበት ያውቃል። ለሚስቱ ግን አልተናገረበትም፤ በመሀላቸው ጨዋታ ነበርና። ጡሩምባ አውቶቡሱን እየነዳ ሲያልፍ ትራፊኩ ከሰሌዳው ጀርባ ጣቱን ያወዛውዝለታል፣ አየሁህ እንደማለት። ጡሩምባ ጡሩምባውን ሁለቴ ይነፋለታል፣ ምን ታመጣለህ እንደማለት። በየቀኑ እንዲህ ይሰዳደባሉ፣ በየቀኑም በዚህ ይዋደዳሉ።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጡሩምባ ተሳፋሪ ሞልቶ ከከተማ ወጣ። ከኋላው ባለወተቱ ባዶ ቦቴውን እየነዳ ይከተለዋል፤ በስፖኪዮው ሲያየው ያበጠው ከንፈሩ ታየውና ደስ አለው። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ትራፊኩ ያለወትሮው ከሰሌዳው ጀርባ ወጥቶ መንገዱ ዳር ቆሟል። በአንድ እጁ የመገናኛ ራዲዮ ይዟል። ሌላውን እጁን ወደ አውቶቡሱ ዘርግቶ ጣቱን አወዛወዘ፤ እንደ ሌላው ቀን ቀስ ብሎ ሳይሆን ፈጠን ፈጠን አድርጎ፣ ከነክንዱ። አፉም የሆነ ነገር ይል ነበር። ጡሩምባ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ሳቀበት። ጡሩምባውን ሁለቴ ነፋና አለፈ።

መታጠፊያውን አልፎ አንድ ኪሎ ሜትር እንደሄደ አንድ ነጭ ፒካፕ ከፊቱ እየበረረ መጣ። እንዲያ የሚመጣ መኪና ሲያይ ሹፌር ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። እጁ መብራቱ ላይ ነበር። ብልጭ፣ ብልጭ። ፒካፑ ሲያልፍ ንፋሱ አውቶቡሱን ገፋው፤ ጡሩምባም ተሳፋሪዎቹ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ «ይሄ ዛሬ በእኔ ተረፈ» አለ።

ያላወቀው ነገር ይህ ነው። ማለዳ በቀጣዩ ከተማ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ አንድ ሰው ሸሪኩን ሦስት ጊዜ በቢላ ሆዱን ወግቶት፣ ፒካፑን አስነስቶ ሸሽቷል። ትራፊኩ በያዘው ራዲዮ የተነገረው ይህ ነበር። የተወዛወዘችው ጣት ጨዋታ አልነበረችም፤ ዛሬን ተወው የምትል ነበረች። ቦቴው ካለፈ በኋላ ትራፊኩና ባልደረባው አስፋልቱ ላይ ጎማ የሚያፈነዳውን ባለሹል ብረት ዘረጉ። ሰውየው መታጠፊያውን በሙሉ ፍጥነት ሲዞር ብረቱን ሳያየው ይወጣበታል፣ ጎማው ይፈነዳል፣ ይያዛል፤ ሐሳባቸው ይኸው ነበር። የሚያስፈልጋቸው ሰውየው ምንም አለመጠርጠሩ ብቻ ነበር።

መብራት የተሰጠው ሰው ግን ለማሰብ አንድ ኪሎ ሜትር አለው። ፒካፑ ነዳጁን ቀንሶ፣ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ነው የዞረው። ብረቱን ከሩቅ አየው። መሪውን ወደ ጠጠሩ ሰበረና ነዳጁን ረገጠ። ጠጠሩ ላይ ሰሌዳው ነበር፣ ከሰሌዳው ጀርባ ደግሞ የጡሩምባ እህት ባል። ሰሌዳውንም ትራፊኩንም አንድ ላይ ጠረጋቸው። ትራፊኩ ከፒካፑ ፓራውልት ሥር ገብቶ እስከ ድልድዩ ድረስ ተጎተተ፤ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች መንገድ ላይ ቀረ። ፒካፑ የድልድዩን ብረት ጥሶ ተገለበጠ። ባልደረባው ወርዶ ነጂውን በመስኮቱ ሲጎትተው ሰውየው በደም ተሞልቶ፣ ግርም ብሎት «መብራት ሰጥተውኝ ነበር እኮ» አለ። ሌላ ሳይናገር ሞተ።

ለጡሩምባ ስልክ የተደወለለት ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው ጥሎ ባገኘው መኪና ተሳፈረ። ሐኪም ቤት ሲደርስ አማቹ ሕይወቱ ካለፈ ቆይቷል። አንሶላው እግሩ በጎደለበት በኩል ሜዳ ሆኖ ሲያየው እየጮኸ ራሱን ከግድግዳው ጋር አጋጨ፣ ሁለት ወንዶች ናቸው የያዙት። ያን ጊዜ ገና ምንም አያውቅም። ለሞተ ሰው ብቻ ነው ያለቀሰው።

ወሬውን የነገረው የትራፊኩ ባልደረባ ነው፤ ለዚያ መንገድ አዲስ ነው፣ ደም የነካውን ልብስ እንኳ አልቀየረም። ሰውየው ምን ብሎ እንደሞተ ተናገረ። እኛን አልፈው ከፒካፑ ጋር ሊገናኙ የሚችሉት ሁለት መኪኖች ብቻ ናቸው፣ አውቶቡሱና የወተት ቦቴው አለ። ይህን ሲል እህቱ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ፒካፑ፣ ንፋሱ፣ መብራቱ፣ የተወዛወዘችው ጣት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጡሩምባ ላይ መጡበት።

«አንተ ሰጥተሃል?» አለው ባልደረባው።

«እኔ?» አለ። «እኔ ከእሁድ ጀምሮ ትቻለሁ። ምያለሁ። እሷ ትመስክር።»

እህቱም መሰከረችለት። በልጆቼ ምሎልኛል፣ ወንድሜ በልጆቼ ምሎ አይከዳኝም አለች። ከዚያ ክንዱን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ጥግ ወሰደችው። ዓይኗ ደርቋል፤ ያለቀሰ ሰው ዓይን አይመስልም ነበር።

«ጋሼ፣ ሹፌሮቹን አንተ ታውቃቸዋለህ» አለችው። «መብራት የሰጠውን ሰው አምጣልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

እሺ አላት። ሌላ ምን ይበል። ከሐኪም ቤቱ ሲወጣ እውነቱን ሊናገር የሚችልበት ጊዜ እዚያው ኮሪደሩ ላይ እንደነበር ያውቃል፤ እግሩ ግን ይሄድ ነበር። ወዲያው ስልኩ ጠራ። ጎሚስታው ነው፤ ወሬው መናኸሪያ ደርሷል። አንተ ሰጥተህ ነበር እንዴ ብሎ ጠየቀው፣ ለነገሩ ያህል። ጡሩምባ ለሁለተኛ ጊዜ ካደ። ጎሚስታው እንደዚያማ ከሆነ ሰውየውን አግኝተነዋል፣ ፈጥነህ ና አለው።

ባለወተቱን ከጎማ ቤቱ ጀርባ ይዘውታል። እጆቹን ከኋላ አስረው አሮጌ ጎማ ክምር ላይ ደፍተውታል። ሰባት ስምንት ሹፌር ይሆናሉ፤ ቅዳሜ የነበሩት ናቸው። የጡሩምባ ሐዘን የሁላቸውም ሐዘን ሆኖ ዓይናቸው ደም ለብሷል፤ እሱ ሲመጣ አንዳንዶቹ አቅፈውት አለቀሱ። ጎሚስታው የቡሎን መፍቻ ብረት ይዟል።

ባለወተቱ ቀና ብሎ «ቅዳሜ ጥርሴን ያወጣችሁት መብራት ስለማልሰጥ ነው» አላቸው። «ዛሬ ደግሞ ሰጠህ ብላችሁ ልትገድሉኝ ነው?»

አንደኛው የታክሲ ሹፌር ቅዳሜ ተምረሃላ አለው። የሚገርመው፣ ሁሉም ይህን አመኑ። ዱላችን ሠራ፣ ግን ያለቦታው ሠራ ብለው አሰቡ፤ ይህም የበለጠ አናደዳቸው። ጎሚስታው በመጀመሪያ ጀርባውን መታው። ብረቱ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ደረቅ ነው። ባለወተቱ ጮኸ። ሌላው ፊቱን በጫማው ረገጠ። ጡሩምባ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል። አንድ ይበቃዋል፣ ሁለት ይበቃዋል፣ ከዚያ ይተዉታል፣ እኔም እተርፋለሁ ብሎ አሰበ። ይህን ማሰቡን በኋላ ራሱ ነው የተናገረው።

ባለወተቱ ደም በሞላው ዓይኑ እሱን ብቻ ይፈልግ ነበር። ሲያገኘው «ከፊቴ አንድ መኪና ብቻ ነበር» አለ።

«በሐዘኑ ላይ ትዋሻለህ!» ብሎ ጎሚስታው ብረቱን ከፍ አደረገና የታሰረውን ክንድ ከክርኑ በላይ መታው። ክንዱ ተሰበረ፤ ሁሉም ሰሙት። ባለወተቱ መጮህ እንኳ አቃተው፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጎሚስታው ብረቱን እንደገና አነሳ፤ በዚህኛው ራሱን ሊመታው ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ ጡሩምባ።

ማንም አልሰማውም። ያ ሁሉ ጉሮሮ ያለው ሰው የተናገረው በሹክሹክታ ነው። ደግሞ አለ፤ አሁንም አልሰሙትም። በሦስተኛው ሮጦ የጎሚስታውን እጅ ያዘ፤ ብረቱ ተንሸራትቶ የራሱን ትከሻ መታው። «እኔ ነኝ የሰጠሁት። እኔ ነኝ» አለ።

መጀመሪያ ሐዘን አእምሮውን የነካው መሰላቸው። ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራቸው፤ የትራፊኩን ጣት፣ የራሱን ሳቅ፣ ለተሳፋሪዎቹ ያለውን። እንደሚወርዱበት ጠብቆ ፊቱን አዘጋጅቶ ነበር፤ እንዲወርዱበትም ፈልጎ ነበር። ማንም አልነካውም። ጎሚስታው ብረቱን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠና አጠገቡ ተቀመጠ። አታውቅም ነበር እኮ፣ አንተ ሕጉን ነው የጠበቅከው አለው። ሌላው ማንም ሰው ያደርገው ነበር አለ። አንዱ ሮጦ ውኃ አመጣለት። ውኃውን የሰጡት ለእሱ ነው፤ ባለወተቱ ጎማው ላይ እንደታሰረ ነበር። ጡሩምባ ብርጭቆውን ሳይጠጣ መሬት ላይ አስቀመጠው። አሁን ሰው ሊገድሉበት የነበረውን ነገር ለእሱ በአንድ ብርጭቆ ውኃ አሳለፉለት፤ ይህን ሕግ ደግሞ ሲያስከብር የኖረው እሱ ነው።

ተነስቶ ገመዱን ፈታ። ባለወተቱን ደግፎ ታክሲ ውስጥ አስገባው፤ ያገዘው የለም። መንገድ ላይ ይቅርታ ሊጠይቀው ሞከረ። ባለወተቱ ክንዱን እንደ ሕፃን ታቅፎ መስኮቱን ይመለከት ነበር።

«ስትናገር ክንዴ ተሰብሮ ነበር» አለው።

ሐኪም ቤት ለነርሶቹ አስረክቦት ወደ ኮሪደሩ ሄደ። እህቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። የባሏን ዕቃ በፕላስቲክ ከረጢት ሰጥተዋታል፤ ቀበቶው፣ ፊሽካው፣ የሥራ ጫማው። ጫማው አንድ እግር ነው። ቀና ብላ ከኋላው ሰው ካለ ተመለከተች።

«አመጣኸው?»

«አምጥቼዋለሁ» አለ።

«የታለ?»

ጡሩምባ ከፊቷ ተንበረከከ። መናገር አላስፈለገውም፤ ስትረዳ ፊቷ ላይ አየው። ከዚያ ጫማውን ከከረጢቱ አውጥታ ፊቱን በተረከዙ መታችው። ከባድ ጫማ ነው፣ ብረት ያለው። ቅንድቡ ተተረተረ። ደገመችው፣ ሠለሰችው፤ ድምፅ ሳታወጣ ነው የምትመታው፣ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። አፍንጫው ሲሰበር ነርሶች ሮጠው መጡ። ጡሩምባ እጁን ዘርግቶ አትያዟት አላቸው። ስለዚህ ክንዷ እስኪዝል ድረስ መታችው፤ እሱም እጁን አንድም ጊዜ ወደ ፊቱ አላነሳም።

ሲደክማት ጫማውን መልሳ ከረጢቱ ውስጥ ከተተችና አፉን ቋጠረችው።

«ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው» አለች። ድምጿ ምንም እንዳልሆነ ሰው ነበር። «ከመጣህ ልጆቹ ፊት እናገራለሁ። ካልመጣህ አጎታችሁ ሥራ ላይ ነው እላቸዋለሁ።»

ጡሩምባ ደሙን በእጅጌው ጠርጎ እሺ አላት። በማግስቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ለልጆቹ የሚነገራቸው ውሸት እንዳይሆን፣ አውቶቡሱን አስነስቶ ሥራ ወጣ።